ግሪን ካርድና ሜዲኬር አብረው አይመጡም

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«67 ዓመቴ ነው። አዳማ ከ30 ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ 62 ዓመቷ ነው። ልጃችን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነች አመልክታልን ቪዛችን ተመትቷል። ባልና ሁለት ልጆች አሏት። እኔ ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፤ ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል። ልጃችን በመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ አስገባችኋለሁ ትላለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ 65 ካለፈህ ሜዲኬር ወዲያው ይሰጥሃል ይሉኛል። ለማንኛውም ብዬ ከዚሁ የአንድ ዓመት የጉዞ ኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቄያለሁ። ልግዛ ወይስ ልተወው?»

የዓመቱን የጉዞ ኢንሹራንስ አይግዙ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የጎረቤቶችዎን ወሬ ላስተካክል። እሱን አምነው ሄደው፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርሱ የደነገጡ ስንት እናትና አባት አውቃለሁ።

65 ዓመት መሙላት ለሜዲኬር፣ ማለትም ለአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ፣ አንዱ መስፈርት ብቻ ነው። ሜዲኬርን እንደኛ ጡረታ ያስቡት። ሰው በሥራ ዘመኑ ከደመወዙ እየተቆረጠ ያዋጣል፣ ሲያረጅ ይታከምበታል። አሜሪካ 10 ዓመት ያህል ሠርቶ ታክስ የከፈለ ሰው፣ ወይም የትዳር ጓደኛው የከፈለለት፣ የሆስፒታሉን ክፍል ወርሃዊ ክፍያ ሳይጠየቅ ያገኛል። እርስዎ 30 ዓመት ጠመኔ የያዙት አዳማ ነው። ያ አገልግሎት እዚያ አይቆጠርም።

ያልሠራ ሰውም በገንዘቡ መግባት ይችላል። ግን ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት በተከታታይ እዚያ መኖር አለበት። ስለዚህ እርስዎ ሜዲኬርን የሚያስቡት 72 ዓመት ሲሆንዎት ነው። ባለቤትዎ በ67። ያኔም በነጻ አይደለም። በ2025 ዋጋ የሐኪሙ ክፍል፣ ፓርት ቢ የሚሉት፣ በወር 185 ዶላር ነበር። የሆስፒታሉ ክፍል ፓርት ኤ፣ ምንም ላልሠራ ሰው፣ በወር 518 ዶላር። ይህ ለአንድ ሰው ነው። ለሁለት ያባዙት።

ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው ሜዲኬይድስ? እሱም ለአብዛኛው አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ 5 ዓመት ያስጠብቃል። እንደ ኒውዮርክ ያሉ አንዳንድ ግዛቶች በራሳቸው ገንዘብ ቀድመው ይቀበላሉ። ቨርጂኒያ ለአዋቂዎች ይህን አታደርግም። ኒውዮርክ ያለ ዘመድዎ «እኔ እኮ በወሩ ነው የወጣልኝ» ቢልዎት አልዋሸም። የሚያወራው ስለራሱ ግዛት ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ተስፋ። የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ በተለምዶ የሚቀበለው የትዳር ጓደኛንና እስከ 26 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። እናትና አባት የሚያስገባ አሠሪ አለ፣ ግን ብርቅ ነው። ልጅዎን ያሳሳታት ምን እንደሆነ እገምታለሁ። ታክስ ስታስገባ እናንተን በሥሯ እንደምትጦራቸው ሰዎች ማስመዝገብ ትችላለች። ዲፔንደንት ይሉታል። ከዚህ ተነስታ ኢንሹራንሱም በዚያው የሚሄድ መስሏት ይሆናል። ሁለቱ አይገናኙም። ለማንኛውም መሥሪያ ቤቷ ያለውን የሰው ኃይል ክፍል አንድ ጊዜ ትጠይቅ። የዲፔንደንቱን ነገር ግን ያዙት፤ በኋላ ዋናው ቁልፍ እሱ ነው።

ሦስተኛ ወሬም አለ፤ እርስዎ አልጠየቁኝም እንጂ መስማትዎ አይቀርም። «ኢመርጀንሲ ግባ፣ በነጻ ያክሙሃል» የሚለው። በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል የመጣን ሰው «ገንዘብ አለህ ወይ» ብሎ መመለስ አይችልም። መርምሮ ማረጋጋት አለበት። ሂሳቡ ግን በፖስታ ተከትሎ ይመጣል። ደግሞም ማረጋጋት ማለት ስኳርዎን በየወሩ መከታተል ማለት አይደለም።

የጉዞ ኢንሹራንሱን ለምን አይግዙ እንዳልኩ እዚህ ላይ ልናገር። የጉዞ ኢንሹራንስ የተሠራው ሄዶ ለሚመለስ ሰው ነው። ሻንጣው ለጠፋ፣ ደረጃ ላይ ወድቆ እጁ ለተሰበረ። ብዙዎቹ ውሎች ለመኖር የሚሄድን ሰው ከነጭራሹ አያቅፉም። የሚያቅፉትም ቢሆኑ ከመግዛትዎ በፊት ለነበረ በሽታ በአብዛኛው አይከፍሉም። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ልቡን ወይም ኩላሊቱን ቢያመው ኩባንያው መጀመሪያ የሚጠይቀው የድሮውን የሕክምና ካርድ ነው። «ይሄ የቆየው በሽታዎ ያመጣው ነው» ካለ ነገሩ አለቀ። አንዳንዶቹ «ነባር በሽታ በድንገት ሲነሳ እንሸፍናለን» ይላሉ። ይህንን አንቀጽ በደንብ ያንብቡት። የዕድሜ ገደብ አለው፣ የገንዘብ ጣሪያ አለው፣ «በዚህን ያህል ሰዓት ውስጥ ሐኪም ካላየዎት» የሚል ቅድመ ሁኔታም አለው።

አንዲት የሐዋሳ እናት አውቃለሁ። ልጇን ልትጠይቅ ስትሄድ 50 ሺህ ዶላር የሚል የጉዞ ኢንሹራንስ ወረቀት ተሰጣት። ቁጥሩን አይታ ልቧ ረካ። በሦስተኛው ወር ደም ግፊቷ አሻቅቦ ሆስፒታል አደረች። ኩባንያው አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ወረቀቱ ላይ ያለው 50 ሺህ እውነት ነበር። ለእሷ በሽታ ግን አልነበረም።

የዓመት ኢንሹራንስ የመግዛቱን ሐሳብ ያመጣው ምናልባት የካናዳው ሱፐር ቪዛ ይሆናል። እዚያ ወላጅ ሲሄድ ቢያንስ 100 ሺህ የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና ኢንሹራንስ ማቅረብ ግዴታ ነው። ሱፐር ቪዛ ግን የጉብኝት ቪዛ ነው። እናንተ የምትሄዱት ለመኖር ነው፤ ሕጉም ሌላ ነው።

እንግዲህ ምን ቀረ? ኦባማኬር። ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ማርኬትፕሌስን፣ ማለትም የግል ኩባንያዎች ኢንሹራንስ በመንግሥት ሕግ ሥር የሚሸጡበትን ገበያ ነው። ቨርጂኒያ ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ የራሷ አላት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከገባበት ቀን ጀምሮ መግዛት ይችላል። 5 ዓመት ጠብቅ የሚል የለም። ዕድሜዎ ከ65 አለፈ ብሎ የሚመልስዎትም የለም፣ ሜዲኬር ውስጥ እስካልገቡ ድረስ። ትልቁ ነገር ደግሞ ስኳር አለብህ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ በዚያ ምክንያት ማስወደድ ወይም መከልከል ክልክል ነው። ዋጋው የሚለያየው በዕድሜ፣ በመኖሪያ አካባቢ፣ በትምባሆና በመረጡት የሽፋን ደረጃ ብቻ ነው። ከ64 ዓመት በላይ ያለው ሁሉ እንደ አንድ ዕድሜ ስለሚቆጠር የ67 ዓመቱ ሰው ከ64 ዓመቱ አይበልጥም። እስቲ ይህን ከጉዞ ኢንሹራንሱ ጋር ያስተያዩት።

ችግሩ ዋጋው ነው። ለእናንተ ዕድሜ ያለ ድጎማ ለአንድ ሰው በወር ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ቢባሉ አይደንግጡ። የተለመደ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ያለው ድጎማው ላይ ነው፤ የታክስ ክሬዲት ይሉታል። መንግሥት የክፍያውን ከፊል በየወሩ በቀጥታ ለኩባንያው ይከፍልላችኋል።

እዚህ ላይ ቀድመው የሄዱ ሰዎች የሚነግሩዎትን በጥንቃቄ ይስሙ። «እኛ ምንም ገቢ የለንም ብለን ሞላን፣ በነጻ ተሰጠን» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፣ ያኔ ይቻል ነበር። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ሕጉ ተቀይሯል። 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ፣ የቤተሰቡ ገቢ መንግሥት በቤተሰብ ብዛት ልክ ከሚያወጣው የድህነት መለኪያ በታች ከሆነ፣ ድጎማ አያገኝም። ደሃ ስለሆንክ አንረዳህም እንደማለት ነው። ይገርማል፣ ግን ሕጉ ይኸው ነው። እናንተ ብቻችሁን «ገቢ የለንም» ብላችሁ ብትሞሉ ሙሉውን ዋጋ ነው የምትከፍሉት።

መፍትሔው ቅድም ያዙት ያልኩት ነው። ልጅዎና ባሏ ታክስ ሲያስገቡ ሁለታችሁንም ዲፔንደንት ያድርጉ። ለዚህ ከግማሽ በላይ ወጪያችሁን መቻል አለባቸው። የእያንዳንዳችሁ ገቢ ደግሞ ከተወሰነ መጠን ማነስ አለበት፤ በ2025 በዓመት 5,200 ዶላር ነበር። የአዳማ ጡረታ ወደ ዶላር ሲመነዘር እዚያ አይደርስም፣ አይስጉ። እንዲህ ሲሆን ቤተሰቡ ስድስት ሰው ይሆናል፣ የሚታየውም የእነሱ ገቢ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ለ2026 ሽፋን የሚሠራበት የድህነት መለኪያ ለስድስት ሰው 43,150 ዶላር ነው። የልጅዎና የባሏ የዓመት ገቢ ከዚህ በልጦ እስከ 172,600 ዶላር ከሆነ ድጎማ አለ። ገቢው ዝቅ ባለ ቁጥር ድጎማው ይጨምራል። ለመነሻ የሚወሰደው የመካከለኛ ደረጃ ሽፋን ክፍያ ከቤተሰቡ ገቢ 9.96 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚሰላው። በዓመት 150 ሺህ የሚያስገባ ቤተሰብ ለሁለታችሁ ወደ 14,940 ዶላር ይደርስበታል ማለት ነው። ቀላል አይደለም። ግን ለሁለት ሰው ሙሉ ዋጋ ከ24 ሺህ በላይ ሲሆን ያስቡት። ገቢያቸው ከ107,875 ዶላር በታች ከሆነ ደግሞ ሲልቨር የሚባለውን ይህንኑ መካከለኛ ደረጃ ይምረጡ። በዚያ ደረጃ ብቻ ከወርሃዊው ክፍያ ሌላ፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ከኪሳችሁ የምታወጡትም ይቀንሳል።

አንድ ጠንቀቅ የሚሉበት ነገር አለ። 172,600ን በአንድ ዶላር ካለፉ ድጎማው ይቆረጣል። ልጅዎ ዓመቱን 165 ሺህ ብላ ገምታ፣ ባሏ ኦቨርታይም ሠርቶ 175 ሺህ ቢሆን፣ በዓመቱ የወሰዱትን ድጎማ በሙሉ በታክስ ጊዜ ይመልሳሉ። ድሮ የሚመለሰው ገንዘብ ለብዙዎቹ ገደብ ነበረው። ከ2026 ጀምሮ የለም። ስለዚህ ገቢያቸው ጠርዝ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ታክስ የሚሠራላቸውን ሰው ያማክሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ድጎማ የለም፤ ሙሉ ዋጋውን ለመክፈል ከአሁኑ መመካከር ነው። ይህ ከልጅ ጋር የማይመች ወሬ ነው፣ አውቃለሁ። ቦሌ ከመድረስ በፊት ማውራት ግን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከማውራት ይሻላል።

ጊዜው ሌላው ነገር ነው። ማንም ሰው በፈለገው ወር ማርኬትፕሌስ መግባት አይችልም። ለሁሉም የሚከፈተው ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ለተወሰኑ ሳምንታት ነው። አዲስ ገቢ ግን ግሪን ካርዱን ካገኘበት፣ ማለትም ከገባበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን የራሱ ዕድል አለው። 60 ቀን ረጅም ይመስላል። ዘመድ መጠየቅ፣ ቤተ ክርስቲያን መተዋወቅ፣ ሰርግ፣ ክርስትና እያላችሁ እንዴት እንዳለፈ አታውቁትም። ካለፈ እስከሚቀጥለው ኖቬምበር ድረስ በር ተዘጋ። ያውም ሽፋኑ የሚጀምረው በዓመቱ መግቢያ ነው።

ሽፋኑ የሚጀምረው ከመረጣችሁበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር 1ኛ ቀን ነው። ከዚህ የሚወጣ ቀላል ዘዴ አለ። ትኬታችሁን የፈረንጆቹ ወር ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው አድርጉት። በ23 ወይም በ24 ደርሳችሁ ከ30 በፊት ብትመርጡ፣ በ1 ትጀምራላችሁ። በ2 ብትደርሱ ግን ወሩን ሙሉ ሽፋን የላችሁም። የትኬቱ ዋጋ ልዩነት ምናልባት መቶ ዶላር ነው፤ አንድ የኢመርጀንሲ ምሽት ሺዎች ነው። «ግሪን ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ እንጠብቅ» አትበሉ። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የስደተኛ ቪዛ መግቢያው ላይ ማህተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ማመልከቻውን የምትሞላው ልጅዎ ናት። ቤተሰቡን በሙሉ ትጽፋለች፣ ሽፋን የሚፈልጉት ግን ሁለታችሁ ብቻ እንደሆናችሁ ትመርጣለች። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ካልተከፈለ ደግሞ ሽፋኑ አይጀምርም። መምረጥ ብቻውን አይበቃም። በዚህ የተሸወዱ አሉ።

ለዚያች ለቀረችው ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ክፍተት ለአዲስ ስደተኞች የሚሸጥ አጭር ሽፋን መግዛት ይቻላል። ግዙ፣ ግን ለመኪና አደጋና ለስብራት እንጂ ለስኳርዎ እንዳልሆነ አውቃችሁ ግዙ። ከዚህ አልፎ በስልክ እየደወለ «በወር 150 ዶላር፣ ሁሉንም ይሸፍናል» የሚል ካለ ዝጉት። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በቀን የተወሰነ ገንዘብ የሚከፍሉ ወይም ነባር በሽታን የማይቀበሉ ውሎች ናቸው። በማርኬትፕሌስ በኩል ለሚረዳችሁ ሰው ደግሞ ምንም መክፈል የለባችሁም።

ሽፋን ስትመርጡ በወርሃዊው ክፍያ ብቻ አትወዳደሩ። ርካሹ ደረጃ፣ ብሮንዝ፣ ብዙ ሺህ ዶላር ከኪሳችሁ ካልወጣ የማይነቃነቅ ሊሆን ይችላል። ዲዳክቲብል የሚሉት እሱን ነው። በየወሩ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሆንም። ለቤታችሁ ቅርብ የሆነው ሐኪም ኔትወርኩ ውስጥ፣ ማለትም ከኩባንያው ጋር ውል ካላቸው ሐኪሞች መካከል፣ እንዳለና መድኃኒታችሁ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ልጅዎ ታረጋግጥ። ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን ከሆነ ርካሽ ናቸው፣ በዚህ አትጨነቁ። ኢንሱሊን ከሆነ ግን የትኛው ዓይነት እንደሚሸፈን አስቀድማችሁ እዩ።

አዳማ እያላችሁ የምትጨርሱት ሥራም አለ፣ ይህ ነገር ብዙ ገንዘብ ያድናል። በኦባማኬር የአዋቂ ጥርስና መነጽር በአብዛኛው የለም። ጥርሳችሁን እዚሁ አስነቅሉ፣ አስሞሉ፣ መነጽራችሁን ሁለት ሁለት አሠሩ። አዳማ የሚሠራ መነጽር እዚያ ካለው ጋር ዋጋው አይወዳደርም። ሐኪማችሁ የበሽታችሁን ታሪክ፣ የመድኃኒቱን ዓለም አቀፍ ስምና መጠን በእንግሊዝኛ ጽፎ ይስጣችሁ። የባለቤትዎን የጉልበት ኤክስሬይም ያዙ፣ ድጋሚ መነሳቱ ወጪ ነው። የሦስት ወር መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ አድርጉ። አዲስ አበባ ለቪዛው ያደረጋችሁት ምርመራ ደግሞ ሕክምና አይደለም፣ ኢንሹራንስም አይደለም። የክትባት ወረቀቱን ግን አትጣሉ።

ገንዘቡ አልሆን ካለና ያለ ሽፋን ከቀራችሁ፣ በየከተማው የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። እንደ ገቢያችሁ ቀንሰው ያስከፍላሉ። ስኳርና ግፊት እዚያ መከታተል ይቻላል። ለትልቅ ቀዶ ሕክምና ግን አይሆኑም። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎችም የክፍያ እርዳታ ፕሮግራም እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ሂሳብ ሲመጣ ዝም ብሎ ከመክፈል በፊት ማመልከት ነው። ይህ መጠባበቂያ እንጂ ዕቅድ አይደለም።

የ5 ዓመቱን ቆጠራ በተመለከተ አንድ የመጨረሻ ነገር። ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ሲሞላ በጊዜው ካልተመዘገባችሁ ፓርት ቢ በዘገያችሁበት በእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ይጨምራል፣ ጭማሪውም ዘላቂ ነው። ባለቤትዎ ጉልበታቸው ከፈቀደና ቀለል ያለ ሥራ ቢያገኙ ደግሞ የሚቆረጥባቸው ለእርስዎም ይቆጠራል። 10 ዓመቱ ባይሞላ እንኳ 30 ሩብ ዓመት ላይ ሲደርሱ የፓርት ኤ ክፍያ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ብዙ ወላጆች ብርዱ ሲያማርራቸው ወደ አገር ቤት ይመጡና ሰባት ስምንት ወር ይቀመጣሉ። አዳማ ፀሐይ አለ፣ ሰው አለ፣ አልፈርድም። እንዲህ ያለ ረጅም ቆይታ ግን የ5 ዓመቱን ተከታታይ ኑሮ ሊያቋርጠው፣ ግሪን ካርዱንም ጥያቄ ውስጥ ሊከት ይችላል። ከስድስት ወር በታች አድርጉት። እዚህ ስትሆኑ የአሜሪካው ሽፋን አይከተላችሁም፤ የአዳማ ክሊኒክ ኔትወርኩ ውስጥ የለም። አሁን ዋጋ የጠየቁበት የጉዞ ኢንሹራንስ የሚያስፈልግዎት እንግዲህ ያኔ ነው፣ ከዚያ ወደዚህ ሲመጡ።